ዳይፖል አንቴና ምንድን ነው?

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ የሬዲዮ አንቴና ሲሰበር ብዙ ሰው በቦታው የሚሰካው ያገኘውን ሽቦ ወይም የልብስ መስቀያ ነው። ይህ አይናቅም፤ ሞገድ ያረፈበት ብረት ሁሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠርበታል። ዳይፖልን የሚለየው ሽቦው በሞገዱ ልክ መቆረጡ ነው።

ሁለት እኩል ሽቦዎች ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ይዘረጋሉ። መሃል ላይ እርስ በርስ አይነካኩም፤ ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ገመድ የሚያያዘው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሬዲዮ ሞገድን በሙከራ ያረጋገጠው በዚሁ ዓይነት አንቴና ነው።

ልኩን ለማግኘት 300ን ለጣቢያው ሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፤ የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ሸገር 102.1ን ብንወስድ 2.94 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ግማሹ 1.47 ነው። ሽቦ ላይ ደግሞ 5 በመቶ ያህል ስለሚቀነስ 1.40 ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ክንድ 70 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለፋና 98.1 ክንዱ 73 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ አንዱ ለሌላውም ያገለግላል። በ31 ሜትር የአጭር ሞገድ ግን ሽቦው 15 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ይህን ያህል የሚያዘረጋ ግቢ መሃል ከተማ ላይ ብርቅ ነው።

እኔን ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ የገመዱ ነገር ነው። በየጣሪያው ተርፎ የተንጠለጠለው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፤ ዳይፖል ደግሞ መሃሉ ላይ 73 ኦም ገደማ አለው። ሳይታሰብ የተስማሙ ናቸው። የገመዱን የመሃል ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን የለበሰውን መረብ ከሌላው ማሰር ነው።

ከልኩ እኩል ወሳኙ ቦታው ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ አንቴና ብረቱ ሞገዱን ስለሚመልስበት ይደክማል፤ ከተቻለ መስኮት አጠገብ ወይም ውጭ ይሁን። በጫፎቹ አቅጣጫ ደካማ፣ በጎኑ ብርቱ ስለሆነ እያዞሩ፣ ደግሞም አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁም እያደረጉ ማዳመጥ ያስፈልጋል። እኔ የምመክረው ጣቢያው ጠርቶ እስኪሰማ ምንም ነገር ሳይቸነክሩ መሞከር ነው።

ውጭ ሲሰቀል ከመብራት ሽቦ በጣም ይራቅ፤ ቢወድቅ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ ሲጀምር ደግሞ መንካት አይገባም፤ ገመዱ የሚነቀለው ሰማዩ ገና ሲጠቁር ነው።

ዳይፖል ለማሰራጨትም ያገለግላል። ያ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የሚስበው ሰው አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ቢጠይቅ ይሻለዋል።