ጎልፍ በዛፎች መሀል፦ ድሬ ላይ የሚወራው እና እውነታው

ክረምት ላይ ከካናዳና ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ስልካቸውን አውጥተው ግራና ቀኙን ዛፍ የሞላበት አረንጓዴ የጎልፍ ሜዳ ያሳዩናል። «ስትመጡ እንወስዳችኋለን» ይላሉ። ከዚያ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ክርክሩ ይጀመራል። ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ማስገባት ነው። ጨዋታውን ከልቤ ስለምወደው፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ነገሮች ላንሳ።

«አባል ካልሆንክ በሩን አታልፍም»

አባላት ብቻ የሚገቡባቸው ሜዳዎች አሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ለአባላትም ለእንግዳም ክፍት የሆኑ ብዙ ሜዳዎች አሉ። አባሉ የዓመት ክፍያ ይከፍላል፤ ሰዓት ሲያስይዝም ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሌላው ሰው የዕለቱን ብቻ ከፍሎ ይጫወታል። ማንም ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም፤ ሣሩ የሚታጨደውና ውሃ የሚጠጣው በእንግዳውም ገንዘብ ጭምር ነው። ቀድሞ ደውሎ ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ቀኑ ወደ ማታ ሲል ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ዱላ መከራየት ይቻላል። 18ቱ ጉድጓድ ከበዛባችሁ 9ኙን ብቻ ተጫወቱ። ኮሌታ ያለው ቲሸርት ልበሱ፤ ብዙ ቦታ ይጠይቃሉ።

የጎልፍ አገር የምትባለው ስኮትላንድ ውስጥ ያለው የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ እንኳ የሕዝብ ሜዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ለጨዋታ ይዘጋል፤ ያን ቀን የከተማው ሰው ይንሸራሸርበታል።

«ዛፎቹ ለውበት ነው የተተከሉት»

ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገረውም። ያንን ቀይ አበባ የሚያፈነዳውን ዛፍ ሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ዛፍ ከውበት ሌላ ሥራ አለው። ኳሷ የምትሄድበትን መንገድ ያጠባል። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ አቋራጩን ይዘጋል። ያኔ ጎበዙ ተጫዋች ረጅሙን ዱላ ትቶ አጠር ያለውን ይመዛል፤ ኳሱን እስከ መታጠፊያው ብቻ ያደርሳል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይመታል። እንዲህ ያለው ሜዳ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፦ ከመምታትህ በፊት ያሳስብሃል።

ዛፍ በበዛ ቁጥር ሜዳው ያምራል ማለትም አይደለም። ፀሐይና ነፋስ ያጣ ሣር ይሳሳል። በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ የሚገኘው ታዋቂው ኦክሞንት በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን አስቆርጧል። ለኛ ዛፍ ወዳዶች መስማቱ ይከብዳል፤ ሣሩ ግን ተጠቅሟል።

«ዛፍ 90 በመቶው አየር ነው፣ በመሀል ላካት»

ይህን የሚሉት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ስታዩት ቅጠሉ መሀል ክፍተት አለ። ኳሷ ግን ቢያንስ 42.67 ሚሊሜትር ስፋት አላት፤ የዛፉን ውፍረት በሙሉ ሰንጥቃ ማለፍ አለባት። ከፊት ያለው ክፍተት ከኋላ ካለው ጋር ካልገጠመ ቅርንጫፍ ላይ ትነጥራለች፣ ከዚያ የባሰ ቦታ ትገባለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልብ ግን ይጠይቃል። ወደ ጎን፣ ዝቅ አድርጎ መትቶ ወደ ሜዳው መውጣት። አንድ ምት ይባክናል፣ አለቀ። ኳሷ ግንድ ስር ተወሽቃ ከሆነ አትታገሉ፤ የተጋለጠ ሥር ላይ መምታት የእጅ አንጓ ይጎዳል። ሕጉ አንድ ምት በቅጣት ተቆጥሮባችሁ ኳሷን አንስታችሁ፣ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትቀርቡ መሬት ላይ እንድትጥሏት ይፈቅዳል። ጫካ ገብታ ከጠፋች መፈለጊያው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 5 ነበር። ስለዚህ «ሳትጠፋ አትቀርም» ካላችሁ፣ ለፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ለጓደኞቻችሁ ተናግራችሁ ተጠባባቂ ኳስ ምቱ።

«ጉልበት ያለው ያሸንፋል»

ብዙ ሙሉ ሜዳ በ72 ምት እንዲያልቅ ይለካል። ስሌቱ በየጉድጓዱ ሁለት ምት መሬት ለመሬት ለማንከባለል ይመድባል፤ በ18ቱ 36 ማለት ነው። ግማሹ ጉልበት የማይጠይቅ ሥራ ነው። «የሽማግሌ ጨዋታ ነው» ለሚሉትም፦ 18ቱን በእግር የጨረሰ ሰው 8 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዟል።

«በኛ ሙቀት የማይታሰብ ነው»

ሣር በማይበቅልባቸው የባሕረ ሰላጤው በረሃዎች ሰዎች አሸዋ ላይ ሲጫወቱ ኖረዋል። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በዘይት ያጠነክሩታል፤ ተጫዋቹም የምትታጠፍ ትንሽ አርቲፊሻል ሣር ይዞ እየዞረ እሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል። አሸዋ ደግሞ በከተማችን ወንዝ፣ በደቻቱ፣ ሞልቷል። አንድ ቀን የድሬ ልጆች እንዲህ ሲጀምሩ ባይ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

«ጀማሪ ከጎበዝ ጋር አይጫወትም»

እንዲያውም ለዚህ የተሠራ ጨዋታ ነው። ሃንዲካፕ የሚባል የችሎታ መለኪያ አለ፤ ደካማው ተጨማሪ ምቶች ይሰጡታል፣ መለኪያው እስከ 54 ይደርሳል። አባትና ልጅ በአንድ ሜዳ እኩል ይፎካከራሉ። ከጀማሪ የሚጠበቀው አለመዘግየት ነው። ከኋላችሁ ያሉት ቆመው ሲጠብቁ ካያችሁ እጃችሁን አውለብልቡና አሳልፏቸው።