ካርቱን ምንድን ነው? «የልጆች ፊልም» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ከድሮዎቹ የቶምና ጄሪ አጫጭር ፊልሞች አንዱ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ካርቱን እኮ የልጆች ነው፤ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል?» አለ። ይህን አባባል በቃልም በጽሑፍም ደጋግሜ ስለሰማሁት፣ አኒሜሽን የምሠራ ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ቃሉ ወፍራም ወረቀት ማለት ከሆነው ከጣልያንኛው «ካርቶኔ» የመጣ ነው፤ ሳሙና የሚታሸግበት ካርቶን የሥጋ ዘመዱ ነው። ሠዓሊዎች ግድግዳ ላይ ከመሣላቸው በፊት በወረቀት የሚያዘጋጁት ንድፍ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 «ፓንች» የተባለው የለንደን መጽሔት መንግሥትን የሚተቹ ሥዕሎቹን ካርቱን ብሎ ከሰየማቸው ወዲህ ነው ቃሉ የቀልድ ሥዕል መጠሪያ የሆነው። እዚህ ሁሉ ውስጥ ልጅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት አጫጭር ካርቱኖች የተዘጋጁት ለሲኒማ ቤት ሲሆን፣ ሰባት ደቂቃ ያህል እየፈጁ ከዋናው ፊልም በፊት ከዜና ፊልም ጋር ይታዩ ነበር። ትኬት ቆርጦ የሚገባው ከየዕድሜው ነበርና፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የምግብና የቤንዚን ራሽን፣ በዘመኑ ተዋንያንም ላይ ይቀልዱ ነበር። በኋላ ቴሌቪዥን በልጆች ሰዓት ስላስገባቸው፣ የተመልካቹ ዕድሜ የፊልሙ ባሕርይ መሰለ።

ቡና ሲፈላ ልጆች ረከቦቱን ከበው ቆሎና ፈንዲሻ ይበላሉ፤ ይህን ያየ እንግዳ ቡና የልጆች መጠጥ ነው ቢል የጅማ ሰው ምን ይለዋል? ልጅ ከካርቱን የሚደርሰው ቆሎው ነው፤ ድመቱ ሲወድቅ ይስቃል። አቦሉ የትልቅ ሰው ነው፤ እርሱ ድመቱ ከመውደቁ በፊት አየር ላይ ቆሞ ወደ እኛ የሚያይባትን ግማሽ ሰከንድ ያስተውላል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ 12 ፍሬም (በፊልም ላይ ተከታትለው የሚያልፉ ነጠላ ምስሎች) ናት፤ ብትረዝም ሳቁ ይቀዘቅዛል፣ ብታጥር ቀልዱ ሳይታይ ያልፋል። ኋላ ለቴሌቪዥን በጥቂት ገንዘብ የተሠሩትን፣ ሥዕል የተቀነሰባቸውን፣ በረካ ልንላቸው እንችላለን፤ ይሁን እንጂ የሥዕል ማነስ ብቻውን ሥራን አያረክስም። በሲኒማው ዘመንም ቢሆን በሰከንድ 24 ፍሬም ሲያልፍ አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ፣ 12 ሥዕል ይበቃ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በድሮ ካርቱኖች ውስጥ ስላለው ዘረኝነት ሲነሣ አንድ አስተያየት ሰጪ «ካርቱን ነው፣ ምን ያካብዱታል?» ብሎ የጻፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በጀመረው በዚሁ በቶምና ጄሪ ውስጥ ፊቷ ከሞላ ጎደል የማይታይ፣ ከእግሯና ከድምፅዋ የምናውቃት ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች፤ ፈንጂ ሲፈነዳም የድመቱ ፊት ጠቁሮ ጥቁር ሰውን ወደሚያፌዝ መልክ የሚለወጥባቸው ትዕይንቶች አሉ። ይህ የተሣለው ለአዋቂ ሳቅ ነበር። «የልጆች ነው» ካልን ንጹሕ ነው ብለን እናልፈዋለን፤ የአዋቂ ሥራ መሆኑን ካወቅን ግን በኪነ ጥበቡ መደነቅም በዘረኝነቱ መጠየቅም እንችላለን። እኔ በልጅነቴ በእነዚህ ትዕይንቶች ከልቤ ስቄአለሁ። አሁን ለእህቴ ልጆች ሳሳያቸው፣ ሴትዮዋ ስትገባ ፊልሙን አቁሜ ፊቷ ለምን እንደማይታይ እጠይቃቸዋለሁ።