ማሽካካት ምንድን ነው?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ስለዚሁ በዓል የተሠራ አንድ ቪዲዮ በቅርቡ አየሁ። ምስሉ ግሩም ነው። ተራኪው ግን «ፈረሶቹ በደስታ እያናፉ ወደ ሜዳው ገቡ» አለ። ኧረ በሕግ! የሚያናፋው አህያ ነው። ፈረስ ያሽካካል።

ይህን ያነሳሁበት አንድ ሰው «ማሽካካትማ የዶሮ ነው፤ ሲበዛ የሳቅ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው፣ ዶሮም ታሽካካለች። ከት ብሎ የሚስቅም ያሽካካል። ቃሉ ከድምፅ የተወለደ ነዋ! በር «ኳ ኳ» ስለሚል አንኳኳ እንላለን። አሽካካም እንዲሁ ከ«ካ ካ» መጣ። ከጉሮሮ እየተቆራረጠ የሚወጣ ድምፅ ያለው ሁሉ ይጋራዋል። ዶሮ ስለተጋራችው ከፈረስ አይወሰድም።

ማናፋት ግን ከወናፍ ጋር የሚሄድ ቃል ነው። ብረት ሠሪ ፍሙን ለማጋል ወናፉን ያናፋል። ቆዳው ሲነሳ አየር ይስባል፣ ሲጫን ይተፋል። አህያ ስትጮኽ ልብ ብላችሁ ስሙ። አየር ስትስብም ድምፅ አላት፣ ስታስወጣም ድምፅ አላት። ቀጭኑ ወደ ውስጥ ነው፣ ወፍራሙ ወደ ውጭ። ወናፍ ማለት እሷ ናት። ፈረስ ሳንባውን ድምፅ ሳያሰማ ይሞላና ያን አየር በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል። ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። የፈረስ ወናፍ የሚጮኸው ሲጫን ብቻ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቃል ማቀላቀል ሁለት ዓይነት አተነፋፈስን ማቀላቀል ነው።

«በደስታ» የሚለውም አይዋጥልኝም። ብዙ ጊዜ ፈረስ የሚያሽካካው ጓደኛው ከዓይኑ ሲርቅበት ነው። ባዝራም ውርንጭላዋ ሲጠፋባት ታሽካካለች፤ አጠገቧ ሲመጣ ግን አፏን ሳትከፍት ጉሮሮዋ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ታናግረዋለች።

ማንኮራፋት ደግሞ የአፍንጫ ነው። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ፣ ሲደነግጥ ወይም አቧራ ሲገባበት ፉርር ያደርጋል። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ቁጥር 16 ሁለቱን ለይቶ ነው የጠቀሳቸው፤ መጀመሪያ የአፍንጫውን፣ ቀጥሎ የጉሮሮውን።

የእንስሳት ሐኪም ነኝና ይህን ሳልል አላልፍም። በድምፅ ብቻ ጤናውን አትለኩ። ሆዱን የቆረጠው ፈረስ ላያሽካካ ይችላል። ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ መሬት ይጭራል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ያኔ ሐኪም ጥሩ፣ አትዘግዩ። ከአፍንጫው አረፋ ከወጣማ ነገሩ የባሰ ነው።

«በቅሎስ?» ለምትሉኝ፣ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ነው። በተረቱ «አባትሽ ማን ነው?» ሲሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ ሸሽታለች። ስትጮኽ ግን መደበቂያ የላትም። እንደ እናቷ ማሽካካት ትጀምርና እንደ አባቷ እያናፋች ትጨርሳለች።