ለሕክምና ተለማማጆች የሚሰጥ ግብረ መልስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ጥበበ ግዮንም ሆነ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) እና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ይሠለጥንባቸዋል። ዎርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ ሁሉም «ፊድባክ» ይለዋል፤ ትርጉሙ ላይ ግን ስምምነት የለም። ግብረ መልስ ማለት ተማሪው ምን ሲያደርግ እንደታየ፣ ከሚጠበቀው የቱ ጋ እንደጎደለና ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ነግሮ ማሳየት ነው።

«ቁጣ ያጠነክራል፤ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው»

ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ በሰው ፊት የተዋረደ ኢንተርን ቤቱ ሲገባ የሚያስታውሰው ድምፁን እንጂ ትምህርቱን አይደለም። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ስህተቱን መደበቅ ይለምዳል፤ ሌሊት ዱቲ (ተረኝነት) ላይ በሽተኛው ሲከብደው ሲኒየሩን (የበላይ ሐኪሙን) ለመጥራት ያመነታል። ክሉገርና ዲኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 607 ውጤቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ግብረ መልሱ አፈጻጸምን ዝቅ እንዳደረገ አሳይተዋል። ማብራሪያቸው፣ ንግግሩ ሐሳብን ከሥራው ነጥሎ ወደ ሰውየው ማንነት ሲወስድ ጉዳቱ ይበዛል የሚል ነው። «ሰነፍ ነህ» የሚታረም ነገር የለውም። «ትንፋሹን የቆጠርከው ለ15 ሰከንድ ነው» ግን አለው።

«ኬዙን (የበሽተኛውን ታሪክና የምርመራ ውጤት) አሳምሮ ካቀረበ በሽተኛውንም በደንብ መርምሯል»

ከሁሉም የሚጎዳን ይህኛው ነው። ያላዩትን ማረም አይቻልም።

የጣፊያ ምርመራን እንውሰድ። በጣና ዙሪያ ወባም ቢልሃርዚያም ስላለ፣ ከቆላው የእርሻ ሥራ የሚመለሱ ሰዎችም ካላዛር የተባለውን በሽታ ይዘው ስለሚመጡ፣ ሦስቱም ጣፊያን ስለሚያሳብጡ፣ ያበጠ ጣፊያ እዚህ ብርቅ አይደለም። ተማሪው «ጣፊያ አይዳሰስም» ብሎ በልበ ሙሉነት ያቀርባል። አጠገቡ ብትቆሙ ግን እጁን በቀጥታ ከግራ ጎድን ሥር ሲያሳርፍ ታያላችሁ። ጣፊያው በጣም ካበጠ እጁ የሚያርፈው በራሱ በጣፊያው ላይ ነው፤ ጠርዙን ስለማያገኘው ሆዱ ጠጠር ያለ ብቻ ይመስለዋል።

የሚነገረው ይህን ያህል ነው፦ «ዶክተር፣ ከግራ ጎድን ሥር ጀመርክ። ትልቅ ጣፊያ በዚህ ያመልጣል። ከቀኙ የታችኛው ሆድ ጀምር፤ በሽተኛው አየር ሲያስገባ እጅህ ይጠብቅ፣ ሲያስወጣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራው ጎድን ከፍ በል። ካጣኸው ወደ ቀኝ ጎኑ አስተኝተህ ድገም።» ከዚያ በሽተኛውን አስፈቅዶ እዚያው ያስደግሙታል። እጁ ራሱ ጠርዙን ካላገኘ የተባለው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

«ዎርዱ ሞልቷል፤ ለፊድባክ ጊዜ የለም»

ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ አንድ ነገር ብቻ ከተመረጠ። በአንድ ጊዜ ሰባት ስህተት የተነገረው ተማሪ አንዱንም አያርምም። መጀመሪያ «የትኛው ከበደሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ ያዩትን መናገር፣ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ማስደገም፣ መቼ ተመልሰው እንደሚያዩ መቁረጥ። ለምሳሌ ሕፃናት ክፍል፦ «የዛሬው ሥራሽ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከምሳ በኋላ አብረን እንቆጥራለን።»

«ወቀሳን በሁለት ምስጋና መሐል መክተት ያለሰልሰዋል»

እኛ ዘንድ ይሉኝታው ራሱ ቃሉን ያለሰልሰዋል፤ ምስጋና ሲደራረብበት መሐል ላይ ያለው ጭራሽ ይጠፋል። ምስጋናም የታየ ነገር ሲይዝ ነው የሚጠቅመው። «ጎበዝ፣ በርታ» ደስ ያሰኛል እንጂ ነገ ምን እንደሚደገም አይናገርም። «እናትየዋ የነገረችሽን በራሷ ቃል መልሰሽ አረጋገጥሽ» ይናገራል። ማመስገን ተማሪ ያሞላቅቃል ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው።

«ሁልጊዜ ለብቻ መነገር አለበት»

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ኮሪደር ላይ ወይም ቢሮ ውስጥ፤ ከዘጌ ወይም ከፎገራ የመጣች ታማሚ ሐኪሟ ሲወቀስ ከሰማች እምነቷ ይናጋል። አደጋ ሲኖር ግን አይጠበቅም። ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለው መድኃኒት በፈሳሽ ሳይበጠበጥ በሲሪንጅ ደም ሥር ውስጥ ሊገባ ከሆነ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ «ቆይ፣ አብረን እንየው» ብሎ እጁን መያዝ ነው። ማብራሪያው በኋላ ይደርሳል።

«አታችመንቱ (በአንድ ክፍል የሚመደብበት የልምምድ ጊዜ) ሲያልቅ ይነገረዋል»

ያ ውጤት መስጠት ነው። ማረሚያ ጊዜ ያልተረፈው ግብረ መልስ አይባልም።

«ተማሪ ይጠብቃል እንጂ አይጠይቅም»

መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «እንዴት ነበርኩ?» ከተባለ ግን የሚመለሰው «ጥሩ ነው» ይሆናል። ከምርመራው በፊት «ዶክተር፣ ሆዷን ስዳስስ እጄን ይዩልኝ፤ ከየት እንደምጀምር እጠራጠራለሁ» ያለ ተለማማጅ የሚታየውን ነገር ራሱ መርጧል፤ ሲኒየሩም የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።