ዋይን ምንድን ነው? የዊንዶውስ ጌም ያለ ዊንዶውስ

የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ተገዛለት። ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ላፕቶፑ ደህና ዕቃ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ቢሆንም ባትሪው ገና አልደከመም። ችግሩ ዊንዶውሱ ነበር። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ቫይረስ ሞልቶት፣ ለመነሳት ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ፖሊ የሚማር ጓደኛው ጠራርጎ አጠፋውና ኡቡንቱ ጫነለት። ኡቡንቱ ከሊነክስ ቤተሰብ የሆነ፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው። ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ልጁ ግን አኮረፈ።

ያኮረፈው በጌም ምክንያት ነው። ሲመኘው የከረመ አንድ የኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጌም አለ። የራሳችሁን ገጸ ባሕርይ ትፈጥራላችሁ፣ ሥራ እየተቀበላችሁ፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር አብራችሁ እየተዋጋችሁ ሌቭል ትጨምራላችሁ። ጌሙ ድሮ በወር ክፍያ ነበር፤ አሁን ነጻ ሆኗል። ልጁ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ ፋይሉን ሲያወርድ አደረ። ጠዋት ሁለቴ ክሊክ ሲያደርገው ኡቡንቱ እንደ ዚፕ ፋይል ሊከፍተው ሞከረና ስህተት አለ የሚል ሳጥን አመጣ። ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጌም አይችልም ማለት ነው?»

ይችላል። የጎደለው ዋይን ነው።

ዋይን ማለት የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሊነክስ ላይም ማክ ላይም ይሠራል። ስሙን ሰምቶ መጠጡን የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም፤ ምልክቱም የወይን ብርጭቆ ነው። ፊደሎቹ ግን «ዋይን ኢሙሌተር አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምህጻረ ቃል ናቸው። ቁም ነገሩም ያለው እዚያው ስሙ ውስጥ ነው።

ከሥሩ እንየው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል ውስጥ ያለው በአብዛኛው ለፕሮሰሰሩ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ደምር፣ አነጻጽር፣ ወደዚህ ዝለል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ እስከሆነ ድረስ ይህን ትእዛዝ ሊነክስ ላይም ሆኖ ይረዳዋል። ጌሙ የሚደናቀፈው ፕሮሰሰሩ ብቻውን የማይፈጽመውን ነገር ሲፈልግ ነው። «መስኮት ክፈትልኝ»፣ «ይህን ፋይል አንብብልኝ»፣ «ድምፅ አሰማልኝ» ይላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለዊንዶውስ ነው፣ በዊንዶውስ አጠራር። ሊነክስ መስኮት መክፈት ያውቃል፣ ፋይል ማንበብም ያውቃል። በዚያ ስም ሲጠሩት ግን አይሰማም።

ጣና ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱት ጀልባዎች ጋ ቁሙና ተመልከቱ። ከጀርመን የመጣች እንግዳ አለች። ጀልባ ነጂው ጀርመንኛ አያውቅም፤ ሐይቁን ግን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። መሀል ላይ አስጎብኚው አለ። እሷ «እዚያ ጋ አቁምልኝ» ስትል እሱ በአማርኛ ይነግረዋል፤ ጀልባው ይቆማል። ጀልባው ያው ነው፣ ሐይቁም ያው ነው። የተጨመረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዋይን ያ ሰው ነው። ጌሙ የዊንዶውስን ስም ሲጠራ ዋይን ይሰማል፣ ሊነክስ በሚያውቀው ቃል ይነግረዋል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል።

ኢሙሌተር ሌላ ነው። አንድን ማሽን ከነፕሮሰሰሩ በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራል፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ ይከብዳል። ዋይን ግን ፕሮሰሰሩን አይነካውም። ጌሙ በቀጥታ ዕቃው ላይ ይሮጣል። ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ተስፋ ያለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አፕል በራሱ ፕሮሰሰር የሚሠራቸው ማኮች ላይ ግን ትእዛዙም መተርጎም አለበት። እዚያ ሮዜታ 2 የሚባለው የአፕል ሶፍትዌር የፕሮሰሰሩን ቋንቋ ይተረጉማል፣ ዋይን ደግሞ የዊንዶውስን። ሁለት አስተርጓሚ ተቀባብለው ማለት ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የዚያን ጊዜ ፕሮግራመሮች የፈለጉት የዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞችን ሊነክስ ላይ ማስኬድ ነበር። በማግስቱ ዓመት አሌክሳንደር ጁሊያርድ መሪነቱን ተረከበ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም፣ ዋይን 1.0፣ የወጣው በሰኔ 2008 ነው። 15 ዓመት መፍጀቱ አይግረማችሁ። የዊንዶውስ ኮድ ዝግ ነው። የዋይን ሰዎች ያንን ኮድ ሳያዩ፣ የታተመውን መመሪያ እያነበቡ፣ «ይህን ሲጠይቁት ምን ይመልሳል?» እያሉ እየሞከሩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እንደ አዲስ ጻፏቸው። ዊንዶውስ ራሱ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ላይ ስህተቱንም ጭምር መድገም አለባቸው፤ በዚያ ስህተት የተማመነ ፕሮግራም አለና። እኔ ይህን ሥራ ሳስበው ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ውጤቱን ደግሞ በነጻ ነው የሰጡን።

አሁን ወደ ነጻ ጌሞቹ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው።

የኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጌም ድሮ በወር ይከፈልበት ነበር፣ በዶላር። ባሕር ዳር ላለ ተማሪ ያ በር ዝግ ነበር። ብሩ ቢገኝ እንኳ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከየት ይመጣል? ከዚያ ኩባንያዎቹ አሠራራቸውን ቀየሩ። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ኦንላይን በ2006 በክፍያ ጀምሮ በመስከረም 2009 ነጻ ሆነ። ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን በ2007 ወጥቶ በመስከረም 2010 ያንኑ አደረገ። ስታር ዋርስ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ በታኅሣሥ 2011 ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 2012 ተከተላቸው። ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው። ፍሪ ቱ ፕሌይ የሚባለው ይህ ነው። መግባቱ በነጻ፣ ገንዘቡ ከውስጥ ሱቅ።

የክፍያው በር ሲከፈት ግን የሊነክስ ተጫዋቾች ሌላ በር ላይ ቆሙ። ነጻ የሆነ ጌም ያው የድሮው ጌም አይደለም። ተራራው፣ ጭራቁ፣ ጎራዴው አልተቀየረም። የተቀየረው መግቢያው ነው። አካውንቱ፣ ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚያጣራው፣ ሱቁ፣ ማውረጃው። እነዚህ የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ ሎንቸር ውስጥ ነው። ሎንቸር ማለት ከጌሙ በፊት የሚከፈተው፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቃችሁ፣ አፕዴት የሚያወርደው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ምሳሌ አለ። የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን ሎንቸር የተጻፈው ዶትኔት በሚባል የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ነበር። የዚያን ጊዜው ዋይን ዶትኔትን በቅጡ ማስኬድ አይችልም። ስለዚህ ጌሙ ራሱ ሊነክስ ላይ መሮጥ እየቻለ፣ በሩ አልከፈት አለ። በጎ ፈቃደኞች ምን አደረጉ? ሎንቸሩ ምን እንደሚሠራ አጠኑ። ሥራው ለካ ጥቂት ነው። ስምና የይለፍ ቃሉን ለሰርቨሩ ይልካል፣ ቲኬት የመሰለ ኮድ ይቀበላል፣ የሰርቨሮቹን ዝርዝር ያመጣል፣ ጌሙን ከነቲኬቱ ይጠራዋል። ይህን ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉትና ፓይሎትሮ አሉት። በሩን ሊነክስ ራሱ ይከፍታል፣ ዋይን የሚጠራው ለጌሙ ብቻ ነው። ዛሬ ዋይን ለዶትኔት ዋይን ሞኖ የሚባል ምትክ አለው። ጌም ውስጥ ያለው ሱቅ እንደ ድረ ገጽ ሲከፈት ደግሞ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ቦታ የሚይዝለት ዋይን ጌኮ አለ።

እንግዲህ አንድ ጌም ሊነክስ ላይ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። እምቢ ያለው ጌሙ ነው ወይስ ሎንቸሩ? ነጭ ሆኖ የቀረ መስኮት፣ የማይታይ የመግቢያ ሳጥን፣ መሀል ላይ የቆመ አፕዴት ካያችሁ ጌሙ ገና አልተነሳም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከባድ ነው። ነጻ ጌም ላይ አጭበርባሪ ሲባረር የሚያጣው ነገር የለም፤ በሌላ ኢሜይል አዲስ አካውንት ይከፍታል። ድሮ ግን አዲስ ጌም መግዛት፣ ወርሃዊውን እንደገና መክፈል ነበረበት። ስለዚህ ነጻ የሆኑ ጌሞች የማጭበርበር መከላከያቸውን ያጠብቃሉ። አንዳንዱ መከላከያ ዊንዶውስ ልብ ውስጥ፣ ከርነሉ ላይ ይቀመጣል። ዋይን ያንን ቦታ ሊሰጠው አይችልም፤ ከሥር ያለው የሊነክስ ከርነል ነውና። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ኢዚ አንቲ ቺት እና ባትልአይ የተባሉት ሁለት ትልልቅ መከላከያዎች ከሊነክስ ጋር ለመሥራት ተስማምተዋል። ሆኖም ፈቃዱ የየጌሙ ባለቤት ነው። እሱ ካልፈቀደ ዋይን ቢሻሻልም ባይሻሻልም ጌሙ አይከፈትም። እንዲህ ያለ ጌም ላይ ዳታችሁን አትጨርሱ።

ደግነቱ አሁን ዋይንን በእጅ ማስተካከል ብዙም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ፕሮቶንን አወጣ። ፕሮቶን ዋይን ነው፣ ለጌም ተመቻችቶ ስቲም በሚባለው የቫልቭ የጌም መደብር ውስጥ የገባ። አብሮት ዲኤክስቪኬ አለ። ይህ ደግሞ የምስሉ አስተርጓሚ ነው። ጌሞች ሥዕል የሚያሠሩት ዳይሬክት ስሪዲ በሚባል የዊንዶውስ ቋንቋ ነው፤ ዲኤክስቪኬ ሊነክስ ወደሚያውቀው የሥዕል ቋንቋ፣ ወደ ቩልካን ይመልሰዋል። ማንኛውም ጌም ከመውረዱ በፊት ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ። ሌሎች ተጫዋቾች በየትኛው ማሽን እንዴት እንደሠራላቸው ጽፈዋል። ብዙ ጊጋ ለምታወርድ ሰው አምስት ደቂቃ ንባብ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛ ልጅ ላይ የደረሰውም ከዚህ አያልፍም። ጌሙ ስቲም ላይ ስለነበር በፕሮቶን አስጀመርነው። ሎንቸሩ ያለ ችግር መጣ፣ ስሙን አስገባ፣ ደስ አለን። ጌሙ ሲነሳ ግን ጥቁር ስክሪን። የላፕቶፑ ግራፊክስ አሮጌ ኢንቴል ነው፣ ቩልካንን በሙሉ አያውቅም። አዲሱ ዲኤክስቪኬ ደግሞ ቩልካን 1.3 ካላገኘ አይሠራም። መፍትሔው ዲኤክስቪኬን መተው ነው። ስቲም ውስጥ፣ የጌሙ ማስጀመሪያ አማራጭ ላይ፣ ፕሮቶንን ኦፕንጂኤል ወደሚባለው የድሮው የሥዕል መንገድ የሚመልስ አንድ መስመር ይጻፋል። ጻፍነው። ተነሳ። ፍጥነቱ ቀነስ ይላል፣ ጥላውንና የሳሩን ዝርዝር ዝቅ አደረግን፣ በቃ።

ላግ፣ ማለትም መዘግየት፣ አለ ወይ? አለ። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፣ ያ የዋይን ጥፋት አይደለም። ደግነቱ ጠላትን መርጦ ችሎታ በመጫን የሚኬድ ሮል ፕሌይንግ ጌም እንደ ተኩስ ጌም በቅጽበት አይፈርድም። መብራት ቢጠፋም ባትሪው አለ፤ ገጸ ባሕርይው የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ሌቭሉ አይጠፋም። ጨርሶ መነካካት ለማይፈልግ ደግሞ ለሊነክስ ራሱን የቻለ እትም ያላቸው አሉ። አልቢየን ኦንላይን አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነጻ ሆኗል።

አንድ ነገር አደራ። ዋይን አጥር አይደለም። ሲጫን «ዜድ» የሚባል ድራይቭ ይፈጥራል፤ ያ ድራይቭ የሊነክሱን ፋይሎች በሙሉ ያሳያል። ከፍላሽ የመጣ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በዋይን ብትከፍቱ፣ ውስጡ ያለው ቫይረስ ፎቶና ሰነዳችሁ ጋ ይደርሳል። ጌሙን ከባለቤቱ ገጽ ወይም ከስቲም ብቻ አውርዱ። ዋይንን በሱዶ፣ ማለትም በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አታስነሱት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጁ በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች አጠገቡ ናት። ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ብዙ እንግሊዝኛ ያወራሉ። «ምን አሉ ደግሞ?» አለችው። «ፍየላቸው ጠፍታ ነው፣ ወንዙን ተሻግረህ ፈልግልኝ እያሉ ነው» አላት። «ሂድ እንግዲህ» አለችው፣ ቢላዋዋን ሳታቆም፣ «ሳይመሽ»።