«ገንዘብ ከከፈልኩ ያስወጡልኛል»፦ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተከራይ ስለማስለቀቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲሲ ውስጥ ቤት ገዝተው ምድር ቤቱን የሚያከራዩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይደግፋል፤ ተከራዩ መክፈል ሲያቆም ግን ባንኩ አይጠብቅም። «ችግረኛ ተከራይ እናስለቅቃለን» የሚል ማስታወቂያ ዓይን የሚገባው ያን ጊዜ ነው። አንዲት የቅርብ ወዳጄ የአምስት ወር ኪራይ ቀርቶባት ሳለ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከፍላ ገንዘቧንም ጊዜዋንም አጣች። ከእሷ ጋር ስመላለስ ያየሁትን እነሆ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የምጽፈው ስለ ዲሲ ብቻ ነው።

«ድርጅቱ ተከራዩን ያስወጣልኛል»

አያስወጣም። በከተማዋ ሰውን ከሚኖርበት ቤት የማስወጣት ሥራ የአሜሪካ ማርሻል አገልግሎት የሚባለው የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ነው፤ ማርሻሎቹም የሚመጡት የአከራይና ተከራይ ችሎት ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። ድርጅቱ ወረቀት ያዘጋጃል፣ መጥሪያ ያደርሳል፣ ቁልፍ ሠሪ ያመጣል፤ ችሎት ፊት ቆሞ መከራከር ግን የጠበቃ ሥራ ነው። ቤቱ በኩባንያ ስም የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱም ያለ ጠበቃ መቅረብ አይችልም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «ፍርድ ቤት የሚቆምልኝ ጠበቃ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ስም ካልነገሩዎት ይተዉት።

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ቁልፉን ብቀይር ማን ይከለክለኛል?»

ሕግ ይከለክላል። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሱ ጉልበት ማስለቀቅ እንደማይችል ወስኗል። መብራት ወይም ውኃ መቁረጥ፣ በር መንቀል፣ ዕቃ ደጅ ማውጣትም እንዲሁ ነው። ተከራዩ የስድስት ወር ዕዳ ቢኖርበትም ፍርድ ቤቱ ወደ ቤቱ ሊመልሰው፣ አከራዩንም ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል።

ወዳጄን ያበሳጨው፣ እኔንም ያናደደኝ ምክር የመጣው ከዚሁ ላይ ነው። ጊዜው ጥር ነበር። የድርጅቱ ሰው በስልክ «ማሞቂያውን አጥፊው፤ በሳምንት ውስጥ ራሱ ይወጣል» አላት። ተከራዩ ሁለት ልጆች አሉት። ከላይ ሆና ሲያስሉ ትሰማቸው ነበር። አላጠፋችም። ብታጠፋ ኖሮ ከሳሽነቷ ቀርቶ ተከሳሽ በሆነች ነበር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሕሊናዋን ይዛ መኖር አለባት።

«ውሉ ካለቀ መውጣት ግዴታው ነው»

በዲሲ የውሉ ዘመን ማለቅ ብቻውን ማስወጫ ምክንያት አይሆንም። ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ውሉ ከወር ወደ ወር ይቀጥላል። አከራዩ በሕጉ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱን ማቅረብ አለበት፦ ኪራይ አለመክፈል፣ ውል መጣስ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ሊኖርበት መፈለጉ። ለመጨረሻው የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

«ፈቃዱን በኋላ አወጣዋለሁ»

የወዳጄ የመጀመሪያ ክስ የወደቀው በዚህ ነው። የኪራይ ቤት የንግድ ፈቃድ የሌለው አከራይ ክስ መክፈት አይችልም። ድርጅቱ ይህን ሳይጠይቃት ገንዘቧን ተቀበለ።

«ከተፈረደልኝ አለቀ»

አላለቀም። ክሱ ኪራይ ባለመክፈል ከሆነ ተከራዩ ማርሻሎቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ያለበትን በሙሉ ከፍሎ ቤቱ ውስጥ መቆየት ይችላል። ዝናብ ወይም በረዶ በሚጥልበት ቀን፣ ወይም ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን ማንንም አያስወጡም፤ ሌላ ቀን ይቆረጣል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የተከራዩን ዕቃ መንገድ ዳር መከመር ቀርቷል። ቁልፉ ይቀየራል፣ ዕቃው ግን ለሰባት ቀን እዚያው ይቆያል፤ ተከራዩም መጥቶ የሚወስድበት ጊዜ ይሰጠዋል። ከለውጡ በፊት በአንድ ሕንፃ ደጃፍ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም፦ ርጥብ ፍራሽ፣ የእንጀራ ምጣድ፣ የተበተነ የልጅ ደብተር። ሰው ዕዳ ስላለበት ያ ሊደርስበት አይገባም ነበር፤ ሕጉ በመለወጡ ደስ ይለኛል።

«የአገር ልጅ ስለሆነ በሽማግሌ እንጨርሳለን፤ ወረቀት አያስፈልግም»

ሽምግልና መልካም ነው፤ እኔም ራሴ ጀምሬው ነበር። ነገር ግን ቡና ተጠጥቶ በቃል የተገባ ስምምነት ሲፈርስ ችሎት ላይ የሚያሳዩት ነገር የለም። ፍርድ ቤቱ የራሱ አስታራቂዎች አሉት። ጠበቃ ለሌላቸው አከራይና ተከራይ በነጻ የሚያማክር ማዕከልም አለ። አማርኛ አስተርጓሚ ከጠየቁ በነጻ ይመደብልዎታል፤ ፊርማ የሚያኖሩበትን ነገር በቋንቋዎ ሳይሰሙ አይፈርሙ።

ወዳጄ ፈቃዷን አውጥታ እንደገና ስትከስ ጉዳዩ ያለቀው በፍርድ ቤቱ አስታራቂዎች ዘንድ ነው። ከዕዳው ግማሹን ማረችው፤ እሱም የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ሊለቅ ፈረመ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ማለዳ ምድር ቤቱ ተጠርጎ፣ ሁለቱ ቁልፎች ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።