ዲፌንሲቭ ኮኦርዲኔተር ምንድን ነው?

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል በቲቪ አይታችሁ ከሆነ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ነጥብ ሲቆጠርበት ካሜራው ዋናውን አሰልጣኝ ትቶ ወደ እሱ ይዞራል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፣ እጁ ላይ በትንንሽ ጽሑፍ የተሞላ ትልቅ ወረቀት። ከንፈሩን እንዳያነቡበት ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ያወራል። ይህ ሰው ዲፌንሲቭ ኮኦርዲኔተር ይባላል። የመከላከሉ አለቃ ማለት ነው።

እኛ በለመድነው እግር ኳስ የሚያጠቁትም የሚከላከሉትም ያው 11 ልጆች ናቸው። እዚህ ግን ኳሱ ለተጋጣሚ ሲሆን አጥቂዎቹ ይወጡና ሌላ 11 ይገባል። ተጋጣሚው 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት እንደገና አራት ይሰጠዋል። ኮኦርዲኔተሩ ለእያንዳንዱ ሙከራ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው የተጋጣሚ ልጅ) ላይ እንደሚሮጥ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ይወስናል። ለዚህ ያለው ጊዜ ከ40 ሴኮንድ በታች ነው። ትእዛዙ ለብዙ ዓመታት ከሜዳ ዳር በእጅ ምልክት ነበር የሚተላለፈው። ከ2024 ወዲህ (እዚህ ያሉት ቀንና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በትልቁ ዲቪዚዮን አንድ ተከላካይ በራስ ቁሩ ውስጥ መስማት ተፈቅዶለታል። ሰዓቱ 15 ሴኮንድ ሲቀረው ድምፁ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው።

የዚህን ሰው ሥራ ክብደት ለመረዳት ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በኅዳር 2018 ሚቺጋን ወደ ተቀናቃኙ ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ስቴት ሲሄድ መከላከሉ በሀገሪቱ ካሉት አንደኛ ተብሎ ነበር። ኮኦርዲኔተሩ ዶን ብራውን ደፋር ሰው ነው። ብዙ ልጅ ወደ ኳርተርባኩ ይልካል፣ የቀሩትን ደግሞ አንድ ለአንድ ያስይዛል። «ማን ቱ ማን» የሚባለው ይህ ነው። ያንተ ሰው የሄደበት ትሄዳለህ፣ በቃ።

አሁን ሜዳውን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። አንዱ ኳስ ተቀባይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ። መሃል ላይ ሊነካኩ እስኪደርሱ ድረስ ይተላለፋሉ። የሚከተሏቸው ሁለት ተከላካዮች በዚያ ጥበት ውስጥ መንገድ ይዘጋጋሉ። አንዱ ሌላውን ላለመግጨት ግማሽ እርምጃ ዞር ይላል። ያቺ ግማሽ እርምጃ ናት ጉዱ። ተቀባዩ ኳሱን እየሮጠ ይይዘዋል፣ ከፊቱ የሚያስቆመው ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ሰው ይዞ ጀርባውን ሰጥቷልና። ኦሃዮ ስቴት ይህንኑ ደጋገመው። ኳርተርባኩ ድዌይን ሃስኪንስ 396 ያርድ ወረወረ፣ ስድስት ተችዳውን (ኳሱ የሜዳው ጫፍ ሲደርስ የሚቆጠር ነጥብ) አስቆጠረ። ውጤቱ 62 ለ 39 ሆነ። በዓመቱም 56 ለ 27። በ2020 ሚቺጋን ሁለት አሸንፎ አራት ተሸነፈ፣ በጨዋታ በአማካይ 34.5 ነጥብ እየተቆጠረበት። ብራውን ተሰናበተ።

ዋናው አሰልጣኝ ጂም ሃርቦ በምትኩ ያመጣው የ33 ዓመቱን ማይክ ማክዶናልድን ነበር። የመጣው ባልቲሞር ሬቨንስ ከሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ነው፤ የዚያ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ደግሞ ያኔ የጂም ወንድም ጆን ነበር። ብዙ ሰው ተጠራጠረ። ማክዶናልድ ከዚያ በፊት የአንድም ቡድን መከላከል አለቃ ሆኖ አያውቅም።

የእሱ ዘዴ መደበቅ ነበር። ስድስት ልጅ ግንባር ላይ ያቆምና ስድስቱም የሚመጡ ያስመስላል። ኳሱ ሲነሳ የሚመጡት አራት ብቻ ናቸው፣ ያውም ኳርተርባኩ ያልጠበቃቸው አራት። ሁለቱ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዳይወረወርበት ቦታ ይዘጋሉ። አንድ ለአንዱም በዞን ተቀላቀለ። በዞን ሰው አትከተልም፣ ቦታ ትጠብቃለህ፤ ስለዚህ ያ የመሃል መተላለፍ እንደ ድሮው አያወዛውዝህም። ዓይንህም ኳሱ ላይ ነው።

ከልጆቹ ብዙዎቹ ያው የድሮዎቹ ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ዴቪድ ኦጃቦ ናይጄሪያ ተወልዶ ስኮትላንድ ያደገ ልጅ ነው፣ ፉትቦል የጀመረው አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ። በ2020 ብዙም አልተሰለፈም። በ2021 ኳርተርባክን 11 ጊዜ መሬት ላይ ጣለ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የአለቃው ሥራ አይደለም። ኤይደን ሃቺንሰን በ2020 ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር፤ ድኖ ተመልሶ 14 ጊዜ ጣለ። እንደ እሱ ያለ ልጅ ለማንም አሰልጣኝ ሲሳይ ነው።

ኅዳር 27 ቀን 2021 በሚቺጋን ሜዳ፣ አን አርበር ላይ፣ በረዶ እየጣለ ኦሃዮ ስቴት መጣ። ሚቺጋንን በተከታታይ ስምንት ጊዜ አሸንፏል። በዚያ ቀን ሃቺንሰን ብቻውን ሦስት ጊዜ ኳርተርባኩን ጣለው፤ ሚቺጋን 42 ለ 27 አሸነፈ። ሕዝቡ አጥር ዘሎ ሜዳውን ሞላው። የዓመቱ አማካይም ወደ 17.4 ነጥብ ወረደ፣ የቀድሞው ግማሽ ገደማ ማለት ነው።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። የሚቺጋን ሠራተኛ የተጋጣሚዎችን የእጅ ምልክት ሰው እየላከ ሲያስቀርጽ ነበር ተብሎ በ2025 የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤንሲኤኤ ቡድኑን ቀጥቷል። ምርመራው እነዚያን ዓመታት ይነካል። ታሪኩን የሚያነሳ ሰው ይህንንም ማንሳት አለበት።

ማክዶናልድ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሬቨንስ ተመለሰ። ተተኪው ጄሲ ሚንተርም ቀደም ሲል ባልቲሞር የሠራ ነበርና ያንኑ አሠራር ይዞ ቀጠለ። በጥር 2024 ሚቺጋን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን 34 ለ 13 ረትቶ የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።